የወጋ የማይረሳበት ዓለም፦ ስለ ፋንታሲ ጌሞች ተከታይ ክፍሎችና ስለ ጥርጣሬያችን

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ጌሞቹ የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ።

በአንድ ልጅ ልጀምር። ስሙ ኮነር ነው። የምናገኘው በ2009 በወጣው «ድራገን ኤጅ፡ ኦሪጅንስ» በሚባል ጌም ውስጥ፣ ሬድክሊፍ በሚባል ግንብ ነው። አባቱ በጠና ታሟል። ልጁ አባቱን ለማዳን ብሎ ከጋኔን ጋር ተዋዋለ። ጋኔኑ ገባበት። እናንተ እዚያ ስትደርሱ ሌሊት ሌሊት ሬሳ እየተነሣ መንደሩን ይፈጃል። እናትየው ኢሶልድ ልጄን አትንኩብኝ ብላ ትለምናችኋለች።

ልጁ እንዲሞት መወሰን ትችላላችሁ። ወይም እናቱ ሕይወቷን ትሰጣለች፤ በደሟ በሚሠራ አስማት ጋኔኑን ካለበት ገብቶ መግጠም ይቻላል። እኔ መጀመሪያ ስጫወት ልጁ እንዲሞት መረጥኩ። ለመንደሩ ብዬ ነው። ከዚያ ጌሙን አጥፍቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን እንቢ አለኝ። ያደረግኩትን በልቤ እያመላለስኩ አነጋሁ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። በነዚህ ጌሞች ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወጊው ተጫዋቹ ነው፤ እሱ አይረሳም። የሚረሳው የተወጋው ዓለም ነው። ተከታዩ ክፍል ይመጣል። ከተማው አዲስ ነው፣ ሰዎቹ አዲስ ናቸው። ያደረግነውን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ጥርጣሬ የሚወለደው ከዚህ ነው።

አዲስ ተከታይ ክፍል ሲታወጅ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ትሬለሩ ይለቀቃል። ሙዚቃው ያምራል፣ ምስሉ ያምራል። ሰዓታት ሳይሞላው የቆዩ አድናቂዎች መጠየቅ ይጀምራሉ። «ያኔ ያነገሥኩት ሰውዬ የት ገባ?» «ያፈቀርኳትስ?» «ክፉ መሆን ይቻላል ወይስ የትኛውንም መልስ ብመርጥ ያው ነው?» ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ምስጋና ቢስነት ይመስላል። ገና ላልወጣ ጌም ምን ያነጫንጫቸዋል ይላል። በእርግጥ መስመር የሚስት አለ። የስቱዲዮ ሠራተኞችን በግል የሚሳደብ፣ የሚያስፈራራ አለ። ለሱ ጥብቅና አልቆምም። የማወራው ስለ ብዙዎቹ ነው። እነሱ የሚጠራጠሩት ስለሚወዱት ነው። ግድ የማይሰጠው ሰው አይጠራጠርም፤ ዝም ብሎ ያልፋል።

ጥርጣሬው ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንደኛው «ያደረግኩትን ታስታውሱልኛላችሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከአሁን በኋላስ እውነተኛ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የምንጮኸው ስለ አንደኛው ነው። ለእኔ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ግን በቅደም ተከተል ልሂድ።

በ2014 ሦስተኛው ክፍል «ኢንኩዊዚሽን» ሲወጣ፣ ሠሪው ባዮዌር አንድ ደስ የሚል ነገር አዘጋጅቶ ነበር። «ድራገን ኤጅ ኪፕ» የሚባል የኢንተርኔት መዝገብ ነው። ትገቡና በሁለቱ ቀዳሚ ክፍሎች ያደረጋችሁትን አንድ በአንድ ትሞላላችሁ። ማን ነገሠ፣ ማን ሞተ፣ ማንን አዳናችሁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሳኔዎች ነበሩበት። ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ኋላ ላይ የሚያስገኙት አንድ ዓረፍተ ነገር ወይም አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ቢሆንም መዝገቡን ስንሞላ የተሰማን ነገር ነበር። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እየሰማን ነው የሚል ስሜት።

ከዚያ 10 ዓመት ጠበቅን። በኦክቶበር 2024 አራተኛው ክፍል «ዘ ቬይልጋርድ» ወጣ። ካለፈው የሚጠይቃችሁ ሦስት ነገር ብቻ ነው። በኢንኩዊዚሽን ያፈቀራችሁት ማንን ነው? ያኔ የመራችሁትን ድርጅት በተናችሁት ወይስ አቆያችሁት? የከዳችሁን ጓድ ሶላስን ለመመለስ ማላችሁ ወይስ ለማስቆም? በቃ። ሦስቱም ከሦስተኛው ክፍል ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጌሞች አንድም ነገር አልተጠየቀም።

ሞሪጋን ትመጣለች። ያቺ ከመጀመሪያው ጌም ጀምሮ የምናውቃት አስማተኛ። ልጅ ይኑራት አይኑራት በ2009 የወሰነው ተጫዋቹ ነበር። አራተኛው ክፍል ግን ይህን ከእኛ አልተቀበለም። ስለዚህ ቆማ ታወራለች፤ የሕይወቷ ትልቁ ነገር በወሬዋ የለም። እኔ ይህን ትዕይንት ስመለከት አልተናደድኩም። አዘንኩ። የምታውቁት ሰው መጥቶ ሲያወራችሁ፣ ስለ ቤተሰቡ ግን ማንሳት የተከለከለ ይመስል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ጌሙ የሚካሄደው ቴዳስ በሚባለው የጌሞቹ ዓለም ሰሜናዊ ክፍል ነው። የቀደሙት ታሪኮች የተፈጸሙበት ደቡብ ብላይት በሚሉት መቅሰፍት እየወደመ መሆኑን በደብዳቤ እናነባለን። ያዳንናቸው ከተሞች እንዳልነበሩ ሲሆኑ በወረቀት ላይ ነው የሚሰማው። ብዙ አድናቂ የተጎዳው እዚህ ጋ ነው። ሞት ስለመጣ አይደለም። ለሞቱ እንኳን እንድንገኝለት ስላልተጠራን ነው።

ለሠሪዎቹም ልናገርላቸው፤ ምክንያት አላቸው። አንድ ጌም ሁለት ሁለት መንገድ ያላቸው 10 ውሳኔዎች አሉት እንበል። 1,024 የተለያዩ ዓለማት ይወጣሉ። ውሳኔዎቹ 20 ከሆኑ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋሉ። እያንዳንዱን ልዩነት የሚጽፍ ሰው፣ በድምፅ የሚተውን ሰው፣ የሚተረጉም ሰው፣ ስህተት የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል። «ሁሉንም ምርጫዬን ተሸከሙልኝ» ማለት የማይቻል ነገር መጠየቅ ነው። እኛም ይህን ማወቅ አለብን። የቅርንጫፍ ብዛት እየቆጠርን ጌም የምንመዝን ከሆነ ክርክሩን ራሳችን እናበላሸዋለን።

ግን ሁሉን መሸከም ካልተቻለ መርሳት ብቻ ነው የቀረው ያለው ማነው?

በ1996 የወጣውን «ዳገርፎል»ን ተመልከቱ። የኤልደር ስክሮልስ ሁለተኛ ክፍል ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ግዙፍ ኃይል በማን እጅ እንደሚገባ ተጫዋቹ ይወስናል። መጨረሻው ብዙ ነው፤ እርስ በርሱም አይታረቅም። በኋላ በመጡት ክፍሎች ደራሲዎቹ አንዱን መርጠው ሌላውን አልጣሉም። በጌሞቹ ውስጥ ባሉ መጻሕፍት አማካይነት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሆነ አሉ። ጊዜ ራሱ ተሰብሮ ነበር፤ የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ ያን ቀን በትክክል መናገር አይችልም። ማንም ተጫዋች አልተዋሸም። ግራ መጋባቱ ራሱ የዓለሙ ታሪክ ሆነ። ስለዚህ ነገር ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም። የጠየቀው አክብሮት ነው።

ዊቸር የሚባለው ተከታታይ ጌም ሌላ መንገድ ሄደ። በ2011 በወጣው ሁለተኛው ክፍል፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ከመንግሥት ወታደሩ ከሮሽ ወይም ከታጋዩ ከዮርቬት ጋር ትሄዳላችሁ። ያ ምርጫ ሁለተኛውን ምዕራፍ ሌላ ያደርገዋል። ሰፈሩ ሌላ፣ ተልእኮው ሌላ፣ የምታምኑት ወገን ሌላ። ስቱዲዮው አንድ ተጫዋች በአንድ ዙር ፈጽሞ የማያየውን ይህን ሁሉ ሥራ ሠራ። ድፍረት ይሉታል ይኼ ነው። ከዚያ በ2015 ሦስተኛው ክፍል መጣ። ዋናው ባለታሪክ ገራልት ጺሙን እየተላጨ አንድ መኮንን ስላለፈው ይጠይቀዋል፤ መልሱ የድሮ ምርጫችሁን ይተካል። ጥሩ ዘዴ ነው። ዮርቬት ግን በጌሙ ውስጥ የለም። ከሱ ጋር የተሰለፈ ሁሉ የታጋዩን መጨረሻ ሳያይ ቀረ። ስለዚህ ያ ትልቅ ጌም እንኳን ሲረሳ አይቻለሁ።

አሁን አራተኛው እየተሠራ ነው። በዲሴምበር 2024 የታየው ትሬለር የገራልትን የማደጎ ልጅ ሲሪን ዋና ባለታሪክ አድርጎ አመጣት። በሦስተኛው ክፍል ግን ሲሪን ንግሥተ ነገሥት ያደረገ ተጫዋች አለ፤ ያጣትም አለ። እነሱ ምን ይባሉ? የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። ስቱዲዮው አንዱን መጨረሻ ይምረጥ፣ ግን በግልጽ ይናገር። «ይህ ታሪክ በዚህኛው መንገድ ይቀጥላል» ማለት ነውር የለበትም። ነውሩ ሌላው መንገድ እንዳልነበረ ማስመሰል ነው።

መርሳት እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ማየት ከፈለጋችሁ በ1999 የወጣው «ኡልቲማ 9» አለ። ጀግናው በብዙ ክፍሎች ያንን ዓለም ያዳነ ሰው ነው። የገዛ ታሪኩን ያህል የሚያውቀውን ነገር፣ «ፓላዲን ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አድናቂዎች ይህችን አንዲት መስመር እስከ ዛሬ ይጠቅሷታል። ለአዲስ ተጫዋች ለማስረዳት ተብሎ የገባች መሆኗ ይገባኛል። ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ኡልቲማን ካነሣሁ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው።

«ኡልቲማ 4» በ1985 ወጣ። ሪቻርድ ጋሪየት ሲሠራው የሚገደል የመጨረሻ ጠላት አላስቀመጠም። ዓላማው በስምንት በጎ ምግባሮች ጥሩ ሰው መሆን ነው። እዚያ ውስጥ ለአስማት የሚሆን ቅመም የምትሸጥ ዓይነ ስውር ሴት አለች። የምትከፍሉትን ራሳችሁ ትቆጥሩላታላችሁ። ብታጭበረብሩ አታይም። ማንም አይከሳችሁም። ጌሙ ግን ዝም ብሎ ይመዘግባል። በኋላ፣ እናንተ ከረሳችሁት በኋላ፣ ክብራችሁ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። እስቲ አስቡት፤ በ1985፣ በዚያች ትንሽ ኮምፒውተር።

ይበልጥ የምወደው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ተከታይ ነው። በ«ኡልቲማ 5» ደጉ ንጉሥ ጠፍቷል። በቦታው የተቀመጠው ብላክቶርን እነዚያኑ ስምንት ምግባሮች ሕግ አድርጓቸዋል። ለምሳሌ ከገቢህ ግማሹን ለምጽዋት ስጥ፤ ካልሰጠህ ገቢ የሚባል አይኖርህም። ባለፈው ጌም በፈቃዳችን የሠራነው ደግ ነገር አሁን በቅጣት የሚፈጸም ሆነ። ያኔ ያመናችሁበት ነገር ተመልሶ ይፈትናችኋል። በግድ የተሠራ ደግነት ደግነት ነው?

ለእኔ ጥሩ ተከታይ ክፍል ማለት ይህ ነው። ያኔ የመለስነውን ቆጥሮ ማስረከብ አይደለም የሠራው። የጠየቀንን ጥያቄ ከተውንበት አንሥቶ አከበደው።

ወደ ድራገን ኤጅ ልመለስ። ኦርዛማር የሚባል ከመሬት በታች ያለ፣ ድዋርፍ የሚባሉ አጫጭር ሕዝቦች ከተማ አለ። ዙፋኑ ክፍት ነው። ሁለት ሰዎች ይፈልጉታል። ሃሮውሞንት ጨዋ ነው፤ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ባህሉን የሚያከብር። ቤለን ወንድሙን ያስገደለ ሰው ነው። የትኛውን ታነግሣላችሁ? እኔ ሳልጠራጠር ሃሮውሞንትን አነገሥኩ። በጌሙ መጨረሻ የሚመጣውን ጽሑፍ ሳነብ ክው አልኩ። ጨዋው ንጉሥ ከተማውን በድሮው ሥርዓት ዘጋው። ዘር የለሽ የሚባሉት ድሆች በነበሩበት ቀሩ፤ ባሰባቸውም። ቤለንን ያነገሠ ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ አነበበ። ነፍሰ ገዳዩ ንግድ ከፈተ፣ ለታችኞቹ መብት ሰጠ። ሁለታችንም ትክክል አልነበርንም። ሁለታችንም አልተሳሳትንም። ለሳምንታት ተከራከርን። ሲታሰብ ግን ጌሙ ለዚህ ያወጣው ጥቂት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። ጉልበቱ የመጣው ከጥያቄው እንጂ ከውጤቱ ብዛት አልነበረም።

በዚያው ጌም የኮነር ነገር ደግሞ ድክመት አለበት። እወደዋለሁና ልናገረው። ሦስተኛ መንገድ አለ። ወደ አስማተኞቹ ግንብ ሄዳችሁ እርዳታ ታመጣላችሁ፤ ልጁም ይድናል፣ እናቱም ትድናለች። ጉዞው ቀናት ይፈጃል፤ ጋኔኑ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ማንም አይሞትም። ይህን መንገድ ያወቀ ሰው ሌላውን ለመምረጥ ምክንያት የለውም። እውነተኛ ጥያቄ የነበረው እንቆቅልሽ ሆነ። መልሱን ካገኘህ አለፍክ።

ተከታይ ክፍሎች እየበዙ ሲሄዱ የማየው ይህንኑ ነው፤ ለስላሳ መውጫ ይበዛል። በ2010 የወጣው «ፌብል 3» ንጉሥ አድርጎ ሾመን። አገሪቱን ለማዳን 6.5 ሚሊዮን ወርቅ ያስፈልጋል፤ ወይ ቃልህን ታፈርሳለህ ወይ ሕዝብህ ያልቃል። ድንቅ ጥያቄ። ግን ቤቶች ገዝቶ ኪራይ እየሰበሰበ የጠበቀ ተጫዋች ሁሉንም ከኪሱ ከፍሎ ይገላገላል። በ2011 የወጣው «ድራገን ኤጅ 2» ደግሞ የተገላቢጦሹን ሠራ። ከአስማተኞቹ ጋር ቁም፣ ከጠባቂዎቻቸው ጋር ቁም፣ መጨረሻ ላይ የሁለቱንም ወገን መሪዎች ትገጥማለህ። የተሰለፍክለት የአስማተኞቹ መሪ ኦርሲኖ ራሱ ወደ አውሬነት ተቀይሮ ይመጣብሃል። ያኔ «ታዲያ ለምን ጠየቃችሁኝ?» ያለ ሰው ትክክል ነበር።

በዚህ በኩል ዊቸር 3 ልቤን አሳርፎታል። አንድ ኮረብታ ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር የታሰረ መንፈስ አለ። ፍታኝ፣ ወላጅ አልባዎቹን ልጆች አድናቸዋለሁ ይላችኋል። ብትፈቱት በእርግጥ ልጆቹ ይድናሉ። ከሰዓታት በኋላ ግን አንድ መንደር አልቆ፣ የአንድ ቤተሰብ እናት ሞታ፣ አባትየው ራሱን ሰቅሎ ታገኛላችሁ። ብትገድሉት ሴትየዋ በሕይወት ትተርፋለች፤ አእምሮዋ ግን ይሄዳል። ልጆቹ ይጠፋሉ። ማንም የማይጎዳበት በር የለም። ውጤቱ ወዲያው ስለማይመጣም ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል ያታክታል። ከነክፋቱ ይዛችሁት ትቀጥላላችሁ።

ስለ ቬይልጋርድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእውነት ሲባል። ብዙ ሰው «ምንም ከባድ ምርጫ የለበትም» ይላል። ልክ አይደለም። ሁለት ዘንዶዎች ሁለት ከተሞችን በአንድ ጊዜ ያጠቃሉ፤ ሚንራተስን ወይም ትሬቪሶን መርጣችሁ ትደርሳላችሁ። ሌላው ይጎዳል። ቁስሉም እስከ መጨረሻው ይታያል፤ የዚያ ከተማ ሰው የሆነችው ወይም የሆነው ጓደኛችሁ ይቀየማችኋል። እዚያ ጋ ጥርጣሬያችን ስቷል፣ ማመን ነው።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሩክ የሚባለው ባለታሪካችን በሄደበት ሁሉ ጥሩ ሰው ነው። ጨካኝ፣ ራስ ወዳድ፣ ፈሪ ልሁን ብትሉ ቃላቱ የሉም። ከዚህም በላይ ቴቪንተር በባሪያ ጉልበት የቆመ አገር መሆኑን ቀዳሚዎቹ ክፍሎች ለዓመታት ነግረውናል። በመጨረሻ ዋና ከተማው ስንገባ ባርነቱ በጨረፍታ ነው የሚታየው። ክፋት በሌለበት መንገድ ላይ ደግ መሆን ምን ይከብዳል? የመጀመሪያዋን ዓይነ ስውር ሻጭ አስታውሱ። እሷ ፊት ማጭበርበር ባይቻል ኖሮ መታመናችን ትርጉም አይኖረውም ነበር።

ጌሙ በገበያም አልቀናውም። አሳታሚው በጃንዋሪ 2025 የ1.5 ሚሊዮን ተጫዋቾችን ቁጥር ሲጠቅስ ከጠበቀው በግማሽ ገደማ ያነሰ መሆኑን ተናግሯል። ይህን እንደ ማስረጃ ማንሣት ግን አልወድም። ጥሩ ታሪክ ኖሮት ያልተሸጠ ጌም ሞልቷል።

ጥርጣሬያችን ተሳስቶ የታረመበትም አለ። «ባልደርስ ጌት 3» በኦክቶበር 2020 ሳያልቅ ለሙከራ ሲከፈት፣ ሁለተኛውን ክፍል በ2000 የተጫወቱ ሰዎች ተነሥተው «ይህ የኛ ጌም አይደለም፤ ሠሪው ላሪያን የራሱን የድሮ ጌም ስም ቀይሮ አመጣው» አሉ። በኦገስት 2023 ሲጠናቀቅ ብዙዎቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ። እንደ ሳረቮክና ቪኮኒያ ያሉ የድሮ ሰዎች የቀረቡበት መንገድ ግን እስከ አሁን ያስቆጫቸዋል፤ ይህም ያባት ነው። ክፉ መንገድ የሄደ ተጫዋች መጨረሻው ባዶ ሆነብኝ ሲል ስቱዲዮው በሴፕቴምበር 2024 አዳዲስ የክፋት መጨረሻዎች ጨመረለት። አስቡት፤ ጌሙ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ ክፉ ለሆነ ሰው «አንተም የሠራኸው ተቆጥሯል» ተባለ።

ከንግግሩ በፊት አንዲት ወጣት «ታዲያ ትሬለር ስታይ የምትፈልገው ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። መልሴ አጭር ነው። የድሮ ፊት አልፈልግም። አንድ ሰው ሁለት ትክክል ነገሮች መካከል ቆሞ ሲጨነቅ ማየት እፈልጋለሁ። የሲሪ ትሬለር ይህ ነበረው። ለአውሬ መሥዋዕት የተሰጠች ልጅን አዳነቻት፤ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ገደሏት። ስለዚህ ያንን ጌም እየተጠራጠርኩ እጠብቀዋለሁ።

አሁን ወደ ኮነር ልመለስና ልጨርስ። በ2014 ኢንኩዊዚሽን ሲወጣ በመዝገቡ ላይ እውነቱን ሞላሁ፤ ልጁ ሞቷል ብዬ። ጌሙን ጀመርኩ። ሬድክሊፍ ደረስኩ፣ ሥራዬን ሠርቼ ወጣሁ። ከሳምንት በኋላ አንድ ጓደኛዬ «ኮነርን አገኘኸው? አድጓል እኮ! አስማተኛ ሆኗል» አለኝ። እሱ ያኔ አድኖት ነበር። በሱ ዓለም ልጁ አድጎ፣ ያን ጊዜ ያደረገው እየጸጸተው፣ እዚያው መንደር ውስጥ ቆሟል።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጌሙን ከፈትኩ። ወደ ሬድክሊፍ ተመለስኩ። መንደሩን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት። ሰው ይተላለፋል፣ ነጋዴው ይጣራል። ኮነር የለም። ስለሱ የሚያነሣም የለም። እዚያው ብዙ ቆየሁ።